የሕመምተኛው የገዛ ደም መድኃኒት ሲሆን

አንድ ቤተሰብ ሕመምተኛውን ይዞ ለወራት ከተንከራተተ፣ «በሽታው ጠፍቷል» የሚለውን የሐኪም ቃል ሰምቶ እፎይ ካለ በኋላ እብጠቱ ተመልሶ ሲመጣ የሚሰማውን ድንጋጤ የደረሰበት ያውቀዋል። ሊምፎማ የሚባለው የንፍፊት ነቀርሳ እንዲህ ያለ ጠባይ አለው። ብዙዎች በመጀመሪያው ሕክምና ሲድኑ በአንዳንዶቹ ላይ ያገረሻል፤ በሌሎች ላይ ደግሞ ከመነሻው ለመድኃኒት አልበገር ይላል። ፈጥኖ የሚያድገው ዓይነት ይዟቸው መድኃኒት ያልበገረላቸው ሕሙማን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት እንደታየው፣ ግማሽ ያህሉ ከስድስት ወር ብዙም አያልፉም ነበር።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለእነዚህ ሕሙማን ካር-ቲ የተባለ ሕክምና ፈቀደ። መድኃኒቱ የሚሠራው ከሕመምተኛው ከራሱ ደም ነው። ደሙ በመሣሪያ ውስጥ እያለፈ፣ ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉት ቲ የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ይለዩና የቀረው ይመለስለታል። የተለዩት ሕዋሳት ወደ ላቦራቶሪ ተወስደው፣ ጉዳት እንዳያደርስ በተደረገ ቫይረስ አማካይነት የነቀርሳውን ሕዋስ ለይተው የሚያውቁበት አዲስ መለያ ይበጅላቸዋል። ከተራቡ በኋላም በደም ሥር ይመለሳሉ። ዝግጅቱ በመጀመሪያው ሙከራ 17 ቀን ያህል ሲወስድ፣ መልሶ መስጠቱ ግን ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።

ጭንቁ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሕዋሳቱ ከነቀርሳው ጋር ሲዋጉ ብርቱ ትኩሳት ይነሣል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፤ አንዳንዱም አእምሮው ይታወካል። ስለዚህ ሐኪሞቹ ሕመምተኛውን ከ100 እየቀነሰ በአሥር በአሥር ወደ ኋላ እንዲቆጥር ያደርጉታል፤ አንድ ዓረፍተ ነገርም ያጽፉታል። በአሜሪካ የተለመደው ምሳሌ ስለ አገሪቱ ብሔራዊ ወፍ፣ ስለ ንስር፣ የሚናገር ነው። ትናንት የተስተካከለው የእጅ ጽሑፍ ዛሬ ከተንጋደደ አደጋ አለ ማለት ነው። ወደ ማረፊያው ሲመለስም አስታማሚ ሌት ተቀን ከአጠገቡ እንዳይለይ ይታዘዛል። ይህን ሥራ እናቶች ያውቁታል፤ ሙቀት መለካት፣ ንግግሩን ማዳመጥ፣ እንቅልፉ የጤና መሆኑን ማጤን ነው። ሕክምናው ጤነኞቹን ቢ የተባሉ የደም ሕዋሳትም ስለሚያጠፋ፣ ለወራት በሌላ ተላላፊ በሽታ እንዳይጠቃ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ውጤቱስ? በዚያ ሙከራ ሕክምናውን ካገኙት 101 ሕሙማን መካከል በግማሽ በሚበልጡት ላይ ነቀርሳው በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ጠፋ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከመቶ 43 ያህሉ በሕይወት ነበሩ። ሁሉንም አላዳነም፤ ቢሆንም ቀድሞ ከነበረው ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ለውጥ ነው።

ዋጋው ግን የሚያስደነግጥ ነው። መድኃኒቱ ብቻ ሲጀመር 373,000 ዶላር ነበር፤ የሠራተኛ ቤተሰብ ይህን ከየት ያመጣል? ሕንድ በቦምቤይ የቴክኖሎጂ ተቋምና በታታ መታሰቢያ ሆስፒታል ትብብር የተሠራውን የራሷን ካር-ቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ፈቅዳለች፤ ዋጋውም ከአሜሪካው እጅግ የረከሰ ነው።

በእኛ አገር የአንገት ንፍፊት ሲያብጥ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው፤ ቁርጡ የሚታወቀው ግን ከዕጢው ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው። ያገረሸ ሊምፎማም እንዲሁ በናሙና ይረጋገጣል። ስለሆነም ቀድሞ የታከመ ሰው በአንገቱ፣ በብብቱ ወይም በብሽሽቱ አዲስ እብጠት ካየ፣ ወይም የሌሊት ላብ አንሶላውን ካራሰው፣ የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቅ የፊተኛውን የምርመራ ወረቀት ይዞ ሐኪሙ ዘንድ ይሂድ። አላመመኝም ብሎ አይቆይ፤ የሊምፎማ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ አያምምና።