ጥሩነሽና መሠረት፦ የአንድ ማሊያ ተፎካካሪዎች

ኢትዮጵያ በሴቶች 5,000 ሜትር ሩጫ ያየችው ትልቁ ፉክክር በጥሩነሽ ዲባባና በመሠረት ደፋር መካከል የነበረው ነው። ጥሩነሽ የበቆጂ፣ መሠረት የአዲስ አበባ ልጅ ናቸው። የለበሱት ማሊያ አንድ ቢሆንም፣ አንዷን የሌላዋን ያህል የፈተናት የውጭ አገር ሯጭ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2003 በፓሪስ ዓለም ሻምፒዮና ጥሩነሽ ገና በ18 ዓመቷ ወርቁን ወሰደች፤ መሠረት ማጣሪያውንም አላለፈችም። በዓመቱ በአቴንስ ኦሊምፒክ ነገሩ ተገለበጠ፤ መሠረት አንደኛ፣ ጥሩነሽ ሦስተኛ ወጡ። በ2005 ሄልሲንኪ ላይ ደግሞ ጥሩነሽ፣ መሠረት፣ እጅጋየሁ ዲባባና መሰለች መልካሙ ከአንድ እስከ አራት ተከታትለው ገቡ። አንድ አገር በአንድ ርቀት የሚያሰልፈው ሦስት ሯጭ ብቻ ነው። አራተኛዋ የተፈቀደችው ጥሩነሽ የቀደመው ሻምፒዮና አሸናፊ ስለነበረች ነው። በዚህ ደንብ የተነሳ ለኢትዮጵያዊት ሯጭ ቡድን ውስጥ መግባት ራሱ ከባድ ውድድር ነው።

በ2006 ጥሩነሽ ከስድስቱ የጎልደን ሊግ ውድድሮች አምስቱን በተከታታይ አሸነፈች። ስድስተኛውን በርሊን ላይ መሠረት ቀደመቻትና ስድስቱንም ላሸነፉ የተመደበው ሽልማት አመለጣት። የአገር ልጅ ናት ተብሎ የተተወ ነገር አልነበረም፤ ለፉክክሩ ክብር የሚሰጠውም ይኸው ነው።

ሁለቱም የሚታወቁት በመጨረሻው ዙር ፍጥነታቸው ነው። ስለዚህ ሲገናኙ ማንም ቀድሞ መውጣት አይፈልግም ነበር፤ ሩጫው ያዘግምና የመጨረሻዎቹ 400 ሜትሮች ይወስኑታል። በ2008 ቤጂንግ ላይ ጥሩነሽ ወርቁን ያገኘችው በ15:41.40 ነው፤ በዚያው ዓመት ካስመዘገበችው ክብረ ወሰን በደቂቃ ተኩል ይዘገያል። ክብረ ወሰኖቹ የተሰበሩት ሁለቱ ተለያይተው በሮጡባቸው ቀናት ነበር። መሠረት በ2006 ኒው ዮርክ ላይ 14:24.53፣ በ2007 ኦስሎ ላይ 14:16.63 ገባች። ጥሩነሽ በ2008 እዚያው ኦስሎ 14:11.15 አደረሰችው። መሠረት ከሳምንታት በኋላ ስቶክሆልም ላይ 14:12.88 ሮጣ ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ሳታስመልሰው ቀረች። ፊት ለፊት ባይገናኙም አንዷ የሌላዋን ሰዓት እያሳደደች ነበር ማለት ይቻላል።

በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ የአንድ አገር ተፎካካሪዎች ጉዳይ በሌላ ስፖርትም ተነስቷል። በሴቶች ጥንድ ባድሜንተን የቻይናዎቹ ዩ ያንግና ዋንግ ሺያሊ ከፍጻሜው በፊት ከአገራቸው ልጆች ከቲያን ቺንግና ዣዎ ዩንሌ ጋር ላለመገናኘት ሆን ብለው ለመሸነፍ ተጫወቱ። እነሱን ጨምሮ አራት ጥንዶች ከውድድሩ ተባረሩ፤ ወርቁ የቲያንና የዣዎ ሆነ። በቀናት ልዩነት በዚያው ከተማ በ5,000 ሜትር መሠረት በ15:04.25 አሸንፋ ጥሩነሽ ነሐስ አገኘች። የአንድ አገር ሦስቱም ሯጮች በአንድ ፍጻሜ እኩል የሚሰለፉበት ሩጫ ከአገር ልጅ መሸሻ መንገድ አይሰጥም፤ መልካም ነው።

ፉክክሩ ከእነሱ በኋላም ቀጥሏል። በ2015 አልማዝ አያና ገንዘቤ ዲባባን በ5,000 ሜትር ቀደመቻት። በ2020 ለተሰንበት ግደይ የጥሩነሽን ክብረ ወሰን ወደ 14:06.62 አወረደች፤ ጉዳፍ ፀጋይ በ2023 ወደ 14:00.21። በዚያው ዓመት ቡዳፔስት ላይ በ10,000 ሜትር ጉዳፍ፣ ለተሰንበትና እጅጋየሁ ታዬ ሦስቱንም ሜዳሊያ ወሰዱ።

ከጥሩነሽና ከመሠረት ማን ትበልጣለች ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ርቀቱ ይለያያል። በ10,000 ሜትር ጥሩነሽ ሁለት የኦሊምፒክና ሦስት የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አላት፤ መሠረት በዚህ ርቀት አትወዳደራትም። በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮና ሁለት ለሁለት እኩል ናቸው። በኦሊምፒክ ግን መሠረት ሁለት፣ ጥሩነሽ አንድ ወርቅ ስላላቸው በዚህ ርቀት ብልጫው የመሠረት ነው።