ጨረቃ ስትሞላ ባንክ የሚዘጋባት ደሴት

መርከብ ቀን አይመርጥም። ሌሊት ቢደርስም፣ በበዓል ማግስት ቢደርስም የኮሎምቦ ወደብ ክሬኖች ይጠብቁታል። የነጋዴው ችግር የሚጀምረው ከክሬኑ ወዲህ ነው። ሰነድ የሚመረምረው ባንክና ማኅተም የሚመታው የመንግሥት ቢሮ በስሪላንካ ጨረቃ ሙሉ በሆነች ቁጥር በራቸው ዝግ ነው።

ሙሉ ጨረቃ የምትወጣበት ዕለት «ፖያ» ይባላል። ለቡድሃ ምእመናን የጸሎት ቀን ሲሆን የአልኮል መጠጥ እንኳን አይሸጥበትም። በዓመት 12፣ አንዳንዴም 13 ጊዜ ይመጣል። በዚህ ላይ የሂንዱ፣ የእስልምናና የክርስትና በዓላት፣ እንዲሁም የነፃነት ቀንና የሜይ ዴይ ይደመራሉ። ድምሩ በዓመት 25 ገደማ ሲሆን፣ ይህም ደሴቲቱን በዓለም ብዙ የበዓል ቀን ካላቸው አገሮች ተርታ ያሰልፋታል። ቀናቱ ራሳቸው የመንግሥት፣ የባንክና የንግድ ቤቶች ተብለው በሦስት ይመደባሉ። ሦስቱንም የሚዘጋ ቀን አለ፤ ባንክና መንግሥትን ብቻ ዘግቶ ነጋዴውን የሚያሠራም አለ። ለጀማሪ አስመጪ ወጥመዱ ይህ ሁለተኛው ነው፦ መጋዘኑ ክፍት፣ ሠራተኛው በቦታው፣ ገንዘቡ ግን የማይንቀሳቀስበት ቀን።

አሁን ያለው አሠራር ከቀድሞው እጅግ የቀለለ መሆኑን መርሳት አይገባም። አገሪቱ ገና ሲሎን ትባል በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ የዳድሊ ሴናናያኬ መንግሥት እሑድን ከሥራ መዝጊያነት ሠርዞ በአራቱ የጨረቃ ምዕራፎች ተካው። የጨረቃ ወር 29 ቀን ተኩል ስለሆነ ለአራት ሲካፈል እኩል 7 አይመጣም። በመሆኑም ሳምንቱ አንዴ 7፣ አንዴ 8 ቀን እየሆነ የዕረፍቱ ቀን ዛሬ ማክሰኞ፣ ሌላ ጊዜ ሐሙስ ላይ ይውል ጀመር። ለንደን ሥራ ላይ ስትሆን ኮሎምቦ ትዘጋለች፤ ለንደን እሑድን ስታርፍ ኮሎምቦ ትሠራለች። ዋና ሀብቷ ሻይ፣ ዋና ገበያዋ ውጭ ለሆነ ደሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1971 የሲሪማቮ ባንዳራናይኬ መንግሥት ቅዳሜና እሑድን መልሶ ሙሉ ጨረቃዋን ብቻ አስቀረ። አምስት ዓመት ሙሉ ከዓለም ገበያ ጋር ተላልፎ መሥራት ውድ ትምህርት ነበር።

ዛሬ በዓሉ ጉዳት የሚያደርሰው በሁሉም ጭነት ላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ኮሎምቦ ያስተናገደችው ኮንቴይነር በባለ 20 ጫማ ስሌት ከ7 ሚሊዮን አልፏል። አብዛኛው ግን ከአንዱ መርከብ ወርዶ ሌላው ላይ የሚጫን መሸጋገሪያ ነው፤ ወደ ከተማ ስለማይገባ የአገሩ ባንክ ተከፈተ ተዘጋ አይገደውም። ዋጋውን የሚከፍለው የአገር ውስጡ አስመጪና ላኪ ነው። ነፃ የማቆያ ቀኖቹ በዓል ሳይሉ ከተቆጠሩበት፣ ዲሜሬጁ እሱ ቤቱ ተቀምጦ ይሮጣል።

እ.ኤ.አ. የ2025ን ኤፕሪል ማየት ይበቃል። ቅዳሜ 12 ፖያ፣ እሑድ 13 እና ሰኞ 14 የሲንሃላና የታሚል አዲስ ዓመት፣ ዓርብ 18 ስቅለት ዋለ። ከ12 እስከ 20 ባሉት 9 ቀናት ውስጥ ለባንክ ሥራ የተረፉት ከ3 አይበልጡም። ኤልሲ የሚገዛበት ዩሲፒ 600 የተባለው ደንብ ባንክ ሰነድ ለመመርመር ከቀረበለት ዕለት በኋላ እስከ 5 የባንክ የሥራ ቀናት ይሰጠዋል። ዓርብ ኤፕሪል 11 ሰነድ የተረከበ የኮሎምቦ ባንክ ቀኖቹን ሙሉ ልጠቀም ቢል ከኤፕሪል 22 በፊት አይሞሉም። በዓል የሌለበት ሳምንት ቢሆን ኖሮ በ18 ያበቃ ነበር።

በዚሁ ደንብ አንቀጽ 29 ላይ ብዙ ላኪ የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። ኤልሲው የሚያበቃበት ወይም ሰነድ የሚቀርብበት የመጨረሻ ቀን ባንክ በተዘጋበት ዕለት ከዋለ እስከ ተከታዩ የባንክ የሥራ ቀን ይራዘማል። የመጨረሻው የመጫኛ ቀን ግን አይራዘምም። «በዓል ነበር» ብሎ በማግስቱ የጫነ ላኪ ሰነዱ ጉድለት አለበት ተብሎ ቢመለስበት የሚከራከርበት የለውም።

ስንዴ፣ ማዳበሪያ ወይም ሲሚንቶ በጅምላ የሚያስጭን ደግሞ የኪራይ ውሉን አስቀድሞ ያንብብ። ውሉ የማራገፊያው ጊዜ «እሑድና በዓላት ሳይቆጠሩ» ካለ በዓሉ የሚያልፈው በመርከቡ ባለቤት ኪሳራ ነው፤ «ተቆጥረው» ካለ በተከራዩ። የተፈቀደው ጊዜ አንዴ አልቆ ዲሜሬጅ ከጀመረ ግን ውሉ በግልጽ ሌላ ካላለ በስተቀር በዓልም ሆነ እሑድ አያስቆመውም። አራት ቀን ቀድሞ ማራገፍ የጨረሰና በበዓል ዋዜማ ጊዜው ያለቀበት ተከራይ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ፖያ ቢያንስ አስቀድሞ ይታወቃል። የማይታወቀው መንግሥት በድንገት የሚጨምረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአገር ውስጥ ዕዳውን ሲያሸጋሽግ ዓርብ ጁን 30ን ልዩ የባንክ በዓል ብሎ አወጀ። ሐሙስ 29 ዒድ አል አድሃ፣ ሰኞ ጁላይ 3 ፖያ ስለነበሩ ባንኮችና የገንዘብ ገበያው ለ5 ተከታታይ ቀናት ተዘጉ። ዓላማው ገበያው እንዳይደናገጥ ቢሆንም ክፍያ የሚጠብቅ ላኪ ድንጋጤውን በቤቱ ማሳለፉ አልቀረም።

ጉዳዩ ለእኛም ፈጽሞ ሩቅ አይደለም። ዋና መሥሪያ ቤታቸው ኮሎምቦ የሆነ አልባሳት አምራቾች የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በተከፈተባቸው ዓመታት ሼድ ይዘው ነበር። ከዋናው ቢሮ ክፍያ ወይም ፊርማ የሚጠብቅ የሀዋሳ አቅራቢ መስከረምንና ጥርን ብቻ ሳይሆን የጨረቃዋንም ቀን መቁጠር ነበረበት።

እ.ኤ.አ. ከ1883 ጀምሮ የሚካሄደውና በ2020 ወደ ኤሌክትሮኒክስ የተሸጋገረው የኮሎምቦ የሻይ ጨረታም በአዲስ ዓመቱ ሳምንት ያርፋል። ቅጠሉ ግን በተራራው ላይ ማደጉን አይተውም፤ ገዢዎችም ከበዓሉ መልስ በጨረታው የሚቀርበውን መጠን አስቀድመው ማስላት ይጀምራሉ።