የማይለቅ ቀለም፦ «ኢንግሬይንድ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ብትገኙ ያጌጡ ፈረሶች ሜዳውን ሞልተው ታያላችሁ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን የሚያከብርበት ቀን ነው። ከተመልካቹ መሀል «ፈረስ ግልቢያማ አገው ደም ውስጥ ያለ ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። በአማርኛ ነገሩ እዚሁ ያልቃል፤ ሁላችንም ገብቶናል። ይህንኑ በእንግሊዝኛ ጻፉ ብትባሉ ግን መዝገበ ቃላቱ ቢያንስ ሦስት ቃላት ይደረድርላችኋል፦ «ኢንኔት»፣ «ኢንሄረንት» እና «ኢንግሬይንድ»። ሦስቱም ከባለቤቱ በቀላሉ የማይነጠል ባሕርይን ይገልጻሉ፤ አንዱ በሌላው ሲፈታም ታያላችሁ። እኔ ግን ሦስተኛውን ከሁለቱ ጋር መቀላቀል ዋጋ ያስከፍላል ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ለማየት ቃሉ የተወለደበት ቤት እንግባ።

ብዙ ሰው «ኢንግሬይንድ» ሲል የሚታየው እንጨት ውስጥ ያለው መስመር ነው፤ እሱም በእንግሊዝኛ «ግሬይን» ስለሚባል። ቃሉ የመጣው ግን ከእንጨት ቤት ሳይሆን ከቀለም ነካሪዎች ቤት ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በጣም ውድ የነበረ ደማቅ ቀይ ቀለም የሚሠራው ከርሜስ ከሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት ነበር። ነፍሳቱ የሚኖሩት በሜዲትራኒያን አካባቢ በሚበቅል የኦክ ዛፍ ላይ ነው። ሲደርቁ ክብ ክብ ፍሬ ስለሚመስሉ «ፍሬ» የሚል ስም ወጣላቸው፤ «ግሬይን» ማለት ያ ነው። (በትግራይ በለሱን ያጠቃው ኮቺኒልም የእነዚሁ ዘመድ ነው። እሱም መጀመሪያ የመጣው ለቀለም ሥራ ተብሎ ነበር።) በዚህ ቀለም የተነከረ ጨርቅ ቢያጥቡት፣ ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት በቀላሉ አይደበዝዝም። ቃሉ ከጨርቅ ወደ ሰው ባሕርይ የተሻገረው ቆይቶ ነው።

ቀለሙ የማይለቀው ለምንድን ነው? ነካሪዎቹ ሱፉን መጀመሪያ በሸብ ውኃ ይዘፈዝፉታል። ሸብ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም በአንድ ወገን ሱፉን፣ በሌላው ወገን የቀለሙን ሞለኪውል ይይዛል። ስለዚህ ቀለሙ ላዩ ላይ የተቀባ አይደለም፤ ከቃጫው ጋር በኬሚካል ታስሯል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ በጉ ቀይ ሆኖ አልተወለደም። ቀለሙ የመጣው ከውጭ ነው።

አማርኛም በራሱ መንገድ እዚሁ ቦታ ደርሷል። ከዳንግላ ገበያ የገዛችሁት ጨርቅ መጀመሪያ ሲታጠብ ውኃውን ካቀላው «ቀለሙ ለቀቀ» ትላላችሁ። ስለ ሰውም «ዓመሉ አልለቀቀውም» እንላለን። ግሡ አንድ ነው!

አሁን ወደ ፈረሱ እንመለስ። «ኢንኔት» ከመወለድ የመጣ ቃል ነው፤ አብሮ የተወለደ ማለት ነው። «ኢንሄረንት» ደግሞ ከመጣበቅ የመጣ ሲሆን፣ የነገሩ የራሱ የሆነን ባሕርይ ይገልጻል፤ ቤንዚን ተቀጣጣይ እንደሆነው ማለት ነው። እግሩን እርካብ ውስጥ አድርጎ የተወለደ ሕፃን ደግሞ የለም። አባቱ ኮርቻ ሲጭን እያየ፣ ከፈረስ ጋር እየዋለ፣ እየወደቀ ነው የለመደው። ስለዚህ ግልቢያው «ኢንግሬይንድ» ነው። ቋንቋም እንደዚሁ ነው። የሰው ልጅ ቋንቋ ለመልመድ ዝግጁ ሆኖ ይወለዳል፤ አውኚ እየተናገረ ግን አይወለድም። እንጅባራ የተወለደ ሕፃን ሳይናገር ይርጋለም ቢወሰድና እዚያ ቢያድግ አፉን በሲዳምኛ ሊፈታ ይችላል።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ አፈሩን ይመልከት። የአዊ ደጋ ብዙ ዝናብ ያገኛል። ዝናቡ ለዘመናት ካልሲየምና ማግኒዥየም ከአፈሩ እያጠበ ስለወሰደ ብዙው መሬት አሲዳማ ሆኗል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ያቀጭጨዋል። (አዎ፣ ቀለሙን ከሱፍ ጋር ያሰረው ያው አሉሚኒየም።) ገብሱ ቢጫ ይሆናል፤ ማዳበሪያ ቢጨመርም ምርቱ አይመለስም። እንግዲህ አንድ ተማሪ በጥናቱ ላይ «አሲዳማነት የአካባቢው አፈር ኢንሄረንት ባሕርይ ነው» ብሎ ጻፈ እንበል። በአፈር ሳይንስ ይህ ቃል የራሱ ቦታ አለው። የአፈሩ የሸክላና የአሸዋ መጠን «ኢንሄረንት» ይባላል፤ ገበሬው በአያያዙ ሊለውጠው አይችልም። ፒኤች ግን በአያያዝ ከሚለወጡት ወገን ነው፤ ኖራ ሲጨመር ከፍ ይላል። ዝናቡ ስለማያቆም ከዓመታት በኋላ ኖራው መደገም አለበት፤ ወጪውም ቀላል አይደለም። ቢሆንም የሚሠራ ነገር አለ። የተማሪውን ዓረፍተ ነገር ያነበበ የበጀት ኃላፊ ግን «ተፈጥሮው ከሆነማ ኖራ ለምን እንገዛለን?» ቢል አይፈረድበትም።

ስለ ሰው ስንጽፍ ደግሞ ይብሳል። አንዲት ልጅ ሒሳብ ትፈራለች። ፍርሃቱን «ኢንኔት» ያለ ሰው አብሯት የተወለደ አድርጎታል። «ኢንግሬይንድ» ያለ ግን «ማን ነከራት? መቼ?» የሚል ጥያቄ አስከትሏል።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ «ኢንግሬይንድ» የሚገባው ለልማድ፣ ለእምነት፣ ለጭፍን ጥላቻ፣ ለፍርሃት ነው። ለእውነተኛ እድፍም ይሆናል፤ ጋራዥ የሚሠራ ሰው ጣቶች ላይ በሳሙና እንቢ ያለው ግራሶ በእንግሊዝኛ «ኢንግሬይንድ» ነው። ለሰውየው ለራሱ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ውሸት የተጠናወተው ሰው «ኢንቬተሬት» ውሸታም ይባላል፤ ይህ ቃል ከማርጀት የመጣ ነው። የእኛ «ሥር የሰደደ» ከ«ዲፕ ሩትድ» ጋር በምስሉም ይገጥማል፤ ለችግርም ለባህልም ትጠቀሙበታላችሁ።

ስትጽፉ ከተጠራጠራችሁ ከቃሉ በፊት «ቢከም» የሚለውን ግሥ አስገቡና ሞክሩት፤ «ሆነ» እንደማለት ነው። አንድ ልማድ በጊዜ ብዛት «ኢንግሬይንድ» ሊሆን ይችላል። በጊዜ ብዛት «ኢንኔት» ሆነ ማለት ግን ካደገ በኋላ አብሮት ተወለደ እንደማለት ነው። ልጓሙን ሳያስብ ለሚይዘው የእንጅባራ ፈረሰኛ እንግሊዝኛ ሌላም አባባል አለው፤ «ሰከንድ ኔቸር» ይለዋል። ቃል በቃል «ሁለተኛ ተፈጥሮ» ብላችሁ ብትተረጉሙት አማርኛው ጆሮ ላይ ይጎረብጣል፤ እኔ ብሆን «እጁ ለምዶታል» ብዬ አልፈዋለሁ።