የስም መመሳሰልና የብድር መረጃ እርማት፦ ከደሎ መና አንጻር

በደሎ መና እሸት ቡና በሚለቀምበት ወቅት የገንዘብ መዘግየት የዓመት ገቢን ያሳጣል። አቅራቢው ከአምራቹ የሚገዛው በጥሬ ገንዘብ ነው፤ ብዙ ጊዜም ባንክን ይጠይቃል። ባንኩ ደግሞ ብድር ከመፍቀዱ በፊት የጠያቂውን ታሪክ ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ያጣራል። በመዝገቡ ላይ ያልተከፈለ ዕዳ ከታየ ጥያቄው ሊቆም ይችላል። ዕዳው የሌላ ሰው ቢሆንስ?

ጥያቄው እንዲሁ የመጣ አይደለም። በአገራችን የቤተሰብ መጠሪያ የለም፤ ሰው የሚለየው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። በባሌ መሐመድ፣ ሁሴን፣ አብዱላሂ የሚሉት ስሞች በየመንደሩ ስለሚገኙ ሦስቱም ስሞች የሚገጥሙላቸው ሁለት ሰዎች ቢኖሩ አያስገርምም። የተገላቢጦሹም አለ፤ አንዱ ሰው በቁቤ በተጻፈው መታወቂያውና በአማርኛ በተሞላው የብድር ውሉ ሁለት ሰው መስሎ ሊታይ ይችላል። በአማርኛውም ቢሆን አንዱ ጸሐፊ «መሐመድ»፣ ሌላው «ሙሀመድ» ይላል። በዚህ ላይ ተከፍሎ ያለቀ ብድር ሳይዘጋ የሚቀርበት ሁኔታ ይጨመራል።

እርማቱን ለመጀመር አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ መረጃውን የሚያመነጨው አበዳሪው እንጂ ማዕከሉ አይደለም። ስለዚህ አቤቱታው በመጀመሪያ የሚቀርበው መረጃውን ለላከው ባንክ ወይም የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ነው፤ ብድር የከለከለው ባንክ የሌላውን መዝገብ ማረም አይችልም። ይህ ልዩነት ባለመታወቁ ሳነቲን አቋርጦ ጎባና ሮቤ ድረስ በከንቱ መመላለስ ሊመጣ ይችላል። አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን፤ የገቢ ማኅተም ያረፈበት ቅጂም በእጅ ይቅር። ዕዳው የሌላ ሰው ከሆነ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና መታወቂያ ልዩነቱን ያሳያሉ። ዕዳው ተከፍሎ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻው ደረሰኝና የብድር ማጠናቀቂያ ደብዳቤ ይያያዛሉ። በእውነት የዘገየ ክፍያ ግን ስሕተት አይደለም፤ በእርማት ስም ሊሰረዝ አይገባም።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ማንኛውም ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የተሳሳተውን የማሳረም መብት ሰጥቶታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የብድር መረጃ ሕግ ደግሞ ቅሬታው በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ እንዲጣራ ያስገድዳል። ለቡና አቅራቢ ሠላሳ ቀን እንኳ ረጅም ነው፤ ስለሆነም መዝገቡን ማየት የሚበጀው ለቀማው ከመድረሱ በፊት፣ ብድር ሳይጠየቅ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ፣ ማለትም ፋይዳ፣ ለወደፊት ብድሮች የስም መምታታትን ይቀንሳል። ከፋይዳ በፊት በስም ብቻ የተመዘገቡ ብድሮች ግን በአሮጌው አጻጻፋቸው ይቆያሉ፤ የአሥር ዓመት ደረሰኝ በሳጥን ውስጥ ያስቀመጠ ገበሬ ከእነርሱ ጋር የሚሟገትበት ማስረጃ አለው።