«ነቀዝ» የሚለው ቃል ወሰንና የለውዝ ዛፍ ነቀዝ አሰያየም

በለውዝ ዛፎች ፍሬ ላይ የሚኖረውን ባለ ረጅም ኩምቢ ጥንዚዛ በአማርኛ ምን እንበለው የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ «የለውዝ ነቀዝ» ተብሎ ሊታለፍ ይችላልና። እኛ ግን ስያሜው ሁለት ጊዜ ያሳስታል እንላለን።

አንደኛው ችግር «ለውዝ» ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የአሮን በትር ያፈራችው ለውዝ የዛፍ ፍሬ ነው፤ የዛሬ ተናጋሪ ግን ለውዝ ሲባል የሚታየው እንደ ባቢሌው ያለ ከአፈር ውስጥ የሚነቀል ኦቾሎኒ ነው።

ሁለተኛውና ሰፋ ያለ ማብራሪያ የሚሻው «ነቀዝ» ነው። ቃሉ ነፍሳቱን የሚሰይመው በመልኩ ሳይሆን በሥራው ነው፤ ፍሬን ከውስጥ እየበላ ዱቄት የሚያደርግ ሁሉ ነቀዝ ይባላል። በጉለሌ፣ በሽሮ ሜዳ፣ የአገር ልብስ ነጋዴ ጥበቡን «ብል በላው» ይላል እንጂ «ነቀዘ» አይልም፤ እዚያው ሰፈር ለሽሮ አተር የምትለቅም እመቤት ደግሞ ክብ ቀዳዳ ያየችበትን ፍሬ «ነቅዟል» ብላ ትጥላለች። ልዩነቱ ጥንቁቅ ነው። «የነቀዘ አስተዳደር» የሚለው አነጋገርም ከዚሁ ከውስጥ መበላት የመጣ ነው።

ሥነ ሕይወት ግን በዚህ አይረካም። የበቆሎ ነቀዝ ኩምቢ አለው፤ ከ50 ሺህ በላይ ዝርያዎች ያሉት የባለኩምቢዎች ቤተሰብ አባል ነው። የአተር ነቀዝ ኩምቢ የለውም፤ ቤተሰቡም ሌላ ነው። ይህስ ለሊቃውንት ይተው ቢባል እንኳ፣ ነቀዝ ሲባል ሰው ጎተራን ማሰቡ ገበሬውን ይጎዳል። የበቆሎው በእርግጥ በጎተራ ይራባል። በአማራ ክልል አምራቾችን ያስቸገረው የአተር ነቀዝ ግን እንቁላሉን የሚጥለው ገና በማሳ ላይ ባለ እሸት ቅርፊት ላይ ነው፤ ወደ ጎተራ የሚገባው በፍሬው ውስጥ ተሸሽጎ ሲሆን፣ በዚያ አይራባም። ስለዚህም ጎተራውን ብቻ በመድኃኒት ያጠነ ገበሬ የሚደርሰው እጩ ማሳው ላይ ፍሬው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

የለውዝ ዛፉም ነቀዝ እንዲሁ ከዛፉ ላይ ይጀምራል። በአውሮፓ ሐዘልነት በሚባለው ፍሬ ላይ የሚኖረው ዝርያ ርዝመቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር ያንሳል። እንስቲቱ በኩምቢዋ ጫፍ ባለው መንጋጋ ያልጠነከረውን ቅርፊት በስታ እንቁላል ትጥላለች፤ እጩ ፍሬውን ጨርሶ፣ ቅርፊቱን ቀዶ ይወጣና ከአፈር ውስጥ ይከርማል።

ስለዚህ ለቤተሰቡ «ባለኩምቢ ጥንዚዛ»፣ ለዚህኛው «የዛፍ ለውዝ ባለኩምቢ ነቀዝ»፣ ለአተሩም «የአተር የማሳ ነቀዝ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። ረዘመ የሚል አይጠፋም፤ አጭሩ ስም ወደ ጎተራ ከሚመራ ረጅሙ ወደ ማሳ ቢመራ እንመርጣለን። በመዝገበ ቃላትም «ነቀዝ» ሲፈታ «እህል የሚበላ ትንሽ ነፍሳት» ተብሎ ብቻ እንዳይቆም፣ መብላት የሚጀምርበት ስፍራ ይጨመርበት።