ማን ይምረጥልን፤ ሰው ወይስ ስሌት?

ባለፈው ሳምንት በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ላይ ሳለን አንድ የምሕንድስና ተማሪ ጓደኛዬ፣ «ሰው ያዳላል፤ ማሽን ግን ዘመድ የለውም» አለኝ። ሰልፉ አለቀ፤ ክርክሩ ግን ሳያልቅ ቀረ። እንግዲህ የቀረውን እዚህ እቀጥላለሁ፤ እርሱም መልስ ካለው ለሚቀጥለው እትም ይጻፍ።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ላስረዳ። በስልካችን የምናየው ወሬ በደረሰበት ተራ አይቀርብልንም። አልጎሪዝም የሚሉት የስሌት ደንብ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ብዙ ነጥብ ያገኘው ከላይ ይወጣል። (ስሙ የመጣው በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ከነበረው ሊቅ ከአል ኽዋሪዝሚ ነው፤ የታሪክ ተማሪ መሆን ለዚህም ይጠቅማል።) ነጥቡ በአብዛኛው የሚመዘነው፣ ስንት ሰው ነካው፣ ስንቱ አስተያየት ጻፈበት፣ ስንት ጊዜ ቆየበት ተብሎ ነው እንጂ እውነት ነው ወይ ተብሎ አይደለም።

ፌስቡክ በአሜሪካ የዕለቱን ዓበይት ወሬዎች የሚዘረዝር ክፍል ነበረው፤ ዝርዝሩንም ጋዜጠኞች ያጣሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 እነዚህ ሰዎች የወግ አጥባቂዎችን ዜና ይደብቃሉ የሚል ክስ ተነሣ። በነሐሴ ወር ኩባንያው አሰናበታቸውና ሥራውን ይበልጡን ለማሽኑ ተወው። ሁለት ሦስት ቀን ሳይሞላ፣ አንዲት የታወቀች የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ከሥራ ተባረረች የሚል ፍጹም ሐሰት ከዝርዝሩ ራስ ላይ ወጣ። ክፍሉም በ2018 ተዘጋ።

ጓደኛዬ «ማሽኑ ተሳሳተ እንጂ አላዳላም» ይለኛል። ዳሩ ግን ደንቡን ማን ጻፈው? ከ2017 ጀምሮ በዚያው ኩባንያ ስሌት የቁጣ ምልክት ከተራው «ወደድኩት» አምስት እጥፍ ነጥብ ያገኝ ነበር። አምስት የሚለውን ቍጥር ከሰማይ ያወረደው የለም፤ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ወሰነው። ማሽኑ ዘመድ አለው ማለት ነው፤ ዘመዱ ግን አይታይም።

ሰውም ቢሆን በደንብ ብቻ ሲሠራ ከማሽን አይሻልም። በመስከረም 2016 ያው ኩባንያ በ1972 በቬትናም ጦርነት የተነሣውን፣ በናፓልም ተቃጥላ ራቁቷን የምትሮጠውን የ9 ዓመት ሕፃን ፎቶግራፍ፣ ራቁትነት ክልክል ነው ብሎ ሰረዘ። የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳይቀሩ ፎቶግራፉን ቢያወጡት የእርሳቸውም ተሰረዘ። በኋላ ጩኸቱ ሲበዛ መለሱት። ራቁትነትን ከግፍ ምስክርነት መለየት ማመዛዘንን ይጠይቃል፤ ይህንንም የሚያደርገው ቋንቋውንና ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ነው።

ለእኛ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከኩባንያው የወጣች ፍራንሲስ ሆገን የምትባል ባለሙያ በ2021 ለሕግ አውጪዎች ስትመሰክር አገራችንን በስም ጠርታለች፤ ቁጣን የሚያስቀድመው ስሌት፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ተቈጣጣሪ በጐደለበት አገር የጎሣ ግጭትን እንደሚያባብስ ተናግራለች። እኔም በበኩሌ፣ አምና ስለ ግቢያችን የተነዛ ሐሰተኛ ወሬ ያየች እናቴ በእኩለ ሌሊት እያለቀሰች ስትደውልልኝ፣ «ይህን ማን አሳየሽ?» ብላት «ስልኩ ነዋ፣ ልጄ» አለችኝ። ስልኩን ማን ይከሰዋል?

የዚህ መጽሔት አዘጋጅ ያለፈውን ጽሑፌን እኩሌታውን ቈርጦብኝ ነበር፤ ተናድጄ በሩን አንኳኳሁ። አንድ ሰዓት ያህል ተጨቃጨቅን፤ አንዲቱን አንቀጽ መለሰልኝ፣ የቀሩትን ለምን እንደ ጣላቸው ነገረኝ። በሁለቱ አሁንም አልተስማማንም።