‘አልቶ’፦ ከጅቡቲ ብሔራዊ ሬዲዮ የወጣው የሳክስፎን ድምፅ

ዓለም በኮሮና ወረርሽኝ ቤቱን ዘግቶ በተቀመጠበት እአአ 2020፣ ኦስቲናቶ ሬከርድስ የተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ ከጅቡቲ ከተማ አንድ አልበም አወጣ። በዚህ አልበም አማካይነት በርካታ የውጭ አድማጮች የሞሐመድ አብዲ አልቶን ሳክስፎን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙ። በአገሩ ግን የቆየ ስም ያለው ሙዚቀኛ ነበር።

‘አልቶ’ የሚለው መጠሪያ የተሰጠው በአልቶ ሳክስፎን አጨዋወቱ የተነሳ ነው። ይህ መሣሪያ ከቴነር ሳክስፎን አነስ ያለና ድምፁም ቀጠን ያለ ነው። አጨዋወቱ የአሜሪካን ጃዝ ከሶማሊኛ ዜማ ጋር ያዋህዳል። የሶማሊኛ ዜማ፣ እንደ ኢትዮጵያ ቅኝቶች ሁሉ፣ በአብዛኛው በአምስት ድምፆች ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ለአማርኛ ሙዚቃ አድማጭ ጆሮ እንግዳ አይሆንም።

ሳይታወቅ የቆየው ለምንድን ነው?

አልቶ የሚጫወትበት ግሩፕ አርቲዲ የአገሪቱ ብሔራዊ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ባንድ ነው። በመንግሥታዊ ሥነ ሥርዓቶችና እንግዶች ሲመጡ ይጫወታል። ጅቡቲ እአአ በ1977 ነፃ ከወጣች በኋላ የሙዚቃው ዘርፍ በአመዛኙ በመንግሥትና በገዥው ፓርቲ ሥር ቆይቷል። ሙዚቀኞች መድረክና መሣሪያ ቢያገኙም ሥራዎቻቸው ለውጭ ገበያ አልቀረቡም፤ ቅጂዎቹም በሬዲዮ ጣቢያው ቤተ መዛግብት ተከማችተው ቀሩ።

ከመንግሥት ተቋም መነሣት በኢትዮጵያም የታየ ነው። የሳክስፎን ንጉሥ የሚባለው ጌታቸው መኩሪያ የጀመረው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ሲሆን፣ በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠርቷል። ሽለላን በቴነር ሳክስፎን ያሰማው ጌታቸው በውጭ አገር በስፋት የታወቀው በኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች፣ ቀጥሎም ዘ ኤክስ ከተሰኘው የኔዘርላንድስ የሮክ ባንድ ጋር እአአ በ2006 ባሳተመው ‘ሞዓ አንበሳ’ ነው። ያኔ ዕድሜው 70 ዓመት አልፎ ነበር።

በሩ እንዴት ተከፈተ?

ኦስቲናቶ ወደ ጣቢያው ቤተ መዛግብት እንዲገባ ፈቃድ ያገኘው እአአ በ2019 ነው። በዚያም ከ5,000 በላይ የሙዚቃ ክሮች እንደሚገኙ አሳታሚው ይገልጻል። ይሁን እንጂ ለመጀመሪያው ሥራ የመረጠው የቆዩትን ክሮች ሳይሆን በሥራ ላይ ያለውን ባንድ ነበር። ተንቀሳቃሽ የመቅረጫ መሣሪያ ወደ ጣቢያው ስቱዲዮ ገባ፤ ቀረጻውም በሦስት ቀናት ተጠናቀቀ። ‘የጅቡቲ ጨፋሪ ሰይጣናት’ የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ የተሰጠው አልበም፣ ከአልቶ ጎን ትውልዱ ከሞቃዲሾ የሆነውን ጊታሪስት አብዲራዛቅ ሐጂ ሱፊንና ወጣቷን ድምፃዊት አስማ ዑመርን ያሰማል።

በቀጣዩ ዓመት የገዥው ፓርቲ ባንድ የነበረው ‘4 ማርስ’ የቆዩ ቅጂዎች ከዚያው ቤተ መዛግብት ወጥተው ታትመዋል። በመግነጢሳዊ ክር ላይ የተቀዳ ድምፅ በሙቀትና በእርጥበት ይጎዳል። እንደ ጅቡቲ ባለች ሞቃታማ የባሕር ዳርቻ ከተማ ደግሞ ቀሪዎቹን ክሮች ወደ ዲጂታል መገልበጥ ጊዜ የሚሰጥ ጉዳይ አይደለም።